የመረጃ ተንታኞችን ማፍራት፦ ከመግባቢያ ሰነድ እስከ ሕያው መረጃ

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2020 ይፋ ያደረገችው ብሔራዊ የመረጃና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ ከያዛቸው ግቦች አንዱ እስከ 2030 ድረስ ከ20 ሺህ በላይ የዘርፉን ባለሙያዎች ማፍራት ነው። ይህን ያህል የሰው ኃይል በመማሪያ ክፍል ብቻ ማሠልጠን ስለማይቻል፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከመንግሥት ተቋማትና ከኩባንያዎች ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ መስማት የተለመደ ሆኗል። መፈራረሙ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ከፊርማው በኋላ ይመጣል፦ ተማሪው የሚሠለጥንበትን እውነተኛ መረጃ ማን ይሰጠዋል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ጅዳና መካ ተስማሚ ስፍራዎች ናቸው።

በጅዳ፣ ጃሚዓ የተሰኘው ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1967 ከተመሠረተው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። በመካ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1981 በዩኒቨርሲቲነት የተቋቋመው ኡሙል ቁራ ይገኛል። ሁለቱ ተቋማት በዓለም ላይ እምብዛም የማይገኝ የጥናት መስክ በደጃቸው አላቸው። እ.ኤ.አ በ2025 ሐጅ ያደረጉት ምእመናን ቁጥር 1,673,230 ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 1,506,576ቱ ከሌሎች አገሮች የመጡ ነበሩ። እያንዳንዱ ሐጃጅ በቪዛው፣ በበረራው፣ በማረፊያው፣ በአውቶቡሱና በሕክምና ጣቢያው ዱካ ይተዋል። ይህ ዱካ ተሰብስቦ በአግባቡ ሲነበብ ሕይወት ያድናል፤ በስህተት ሲነበብ ደግሞ አደጋ ይጋርዳል።

ለመሆኑ በክፍል ውስጥ የማይገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ለተማሪ የሚሰጠው የመለማመጃ መረጃ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የጸዳ ነው። ሕያው መረጃ ግን እንዲህ አይደለም። «ሙሐመድ» የሚለው ስም ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ በየአገሩ ልዩ ልዩ አጻጻፍ ስለሚይዝ አንድ ሰው በሁለት መዝገብ እንደ ሁለት ሰው ሊቆጠር ይችላል። ኢትዮጵያዊው መንገደኛ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርጎ ሲያስመዘግብ፣ ወንድማማቾች እንጂ አባትና ልጅ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ከመዝገቡ ላይ አይታይም። የልደት ቀን በሂጅራ፣ በጎርጎርዮሳዊና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲደባለቅ የሰውየው ዕድሜ በዓመታት ይዛነፋል። ይህን ጉድለት የሚለይ ዓይን የሚገኘው መዝገቡን በየዕለቱ ከሚይዙት ሠራተኞች ጎን በመሥራት ነው።

የዩኒቨርሲቲና የተግባር ትስስር በአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። የሐጅ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ በ1975 በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአርክቴክቱ ሳሚ ዐንቃዊ መሥራችነት ሲቋቋም፣ የመረጃ ትንተና የሚለው ስያሜ የዕለት ተዕለት ቋንቋ አልነበረም። ኋላ ላይ ወደ ኡሙል ቁራ ተዛውሮ ዛሬ በኻዲሙል ሐረመይን የሐጅና ዑምራ ምርምር ተቋምነት ይታወቃል። የማዕከሉ መነሻ ሐሳብ ቀጥተኛ ነበር፦ ሐጅን የሚያስተናግደው አካል ችግሩን ያቀርባል፣ ተመራማሪው በቦታው ተገኝቶ ያጠናል።

የዚህ አካሄድ ፍሬ በግልጽ የታየው ከመራር አደጋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 12 ቀን 2006 በሚና የጀመራት ድልድይ መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ቢያንስ 346 ሰዎች ሞቱ። የሳዑዲ ባለሥልጣናት በካሜራ የተቀረጸውን ምስል ለሳይንቲስቶች ከፈቱ። በጀርመን የድሬስደን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ዲርክ ሄልቢንግና ባልደረቦቻቸው ከሳዑዲው ባለሥልጣን ሐቢብ ዘይነል ዓቢዲን ጋር በጋራ ባወጡት ጥናት፣ የሕዝቡ ጉዞ በመጀመሪያ ወጥ እንደነበር፣ ቀጥሎ መሄድና መቆም እንደተፈራረቁበት፣ በመጨረሻም በየአቅጣጫው ወደሚናወጥ ማዕበል እንደተለወጠ አሳዩ። ይህ ማለት አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚነበብ ምልክት ነበረው ማለት ነው። አሮጌው ድልድይ ፈርሶ ባለ ብዙ ፎቅ የሆነ አዲስ ድልድይ ተሠራ፤ መግቢያና መውጫውም ተለያየ። እ.ኤ.አ በ2015 በሚና መንገድ ላይ የደረሰው ሌላ ከባድ አደጋ ግን አንድ ቦታ ላይ የተገኘ መፍትሔ ለሌላው ዋስትና እንደማይሆንና ጥናቱ በየዓመቱ መቀጠል እንዳለበት አስገንዝቧል።

ችግርን ለወጣቶች መክፈት የሚያስገኘውን ውጤት ጅዳ እ.ኤ.አ በኦገስት 2018 አይታለች። በከተማዋ በተካሄደው የሐጅ ሃካቶን 2,950 ተሳታፊዎች ተገኝተው በዓለም የድንቃ ድንቅ መዝገብ ሰፍረዋል። የአንደኝነቱን ሽልማት የወሰዱት «ቱርጁማን» ማለትም «አስተርጓሚ» የተሰኘ መተግበሪያ ያቀረቡ ሳዑዲያውያን ሴቶች ነበሩ፤ መተግበሪያው ዐረብኛ የማያውቅ ሐጃጅ የምልክት ሰሌዳዎችን ያለ ኢንተርኔት እንዲረዳ ያግዛል። ሆኖም የሦስት ቀን ውድድር ሐሳብ ያፈልቃል እንጂ ሙያ አያስጨብጥም። ሙያ የሚገነባው ሐሳቡ በወራት ሥራ ሲፈተን፣ ሲወድቅና ሲታረም ነው።

ከሁሉም በላይ ሠልጣኙ ሊማረው የሚገባው በሠንጠረዡ ላይ ማን እንደሌለ መጠየቅን ነው። እ.ኤ.አ በ2024 በከባድ ሙቀት ወቅት በተከናወነው ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ ጤና ሚኒስትር ሲያስታውቁ፣ 83 በመቶዎቹ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆናቸውን ገልጸው ነበር። ፈቃድ የሌለው ሰው የተመደበ ድንኳንና አውቶቡስ የለውም፤ በዕቅዱም ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ የተመዘገቡትን ብቻ አይቶ ውሃና ጥላ የሚያከፋፍል ተንታኝ ስሌቱ ልክ ቢሆንም መደምደሚያው ይጎድላል። ይህን የሚያስተውለው ከአምቡላንስ ሠራተኛውና ከሕክምና ጣቢያው ጋር አብሮ የሠራ ባለሙያ ነው።

ከዚህ ተሞክሮ በመነሣት የአንድ ስምምነት ጥንካሬ በሦስት ነገሮች ሊመዘን ይችላል። አንደኛ፣ ተቋሙ ያልተፈታ ችግሩንና ተዛማጁን መረጃ ያቀርባልን? ሁለተኛ፣ ተማሪው ከመምህሩ በተጨማሪ ከተቋሙ የተመደበለት ኃላፊ አለውን? ሦስተኛ፣ የሥራው ውጤት ወደ አገልግሎቱ ተመልሶ ይፈተናልን? እነዚህ ከሌሉ ተለማማጁ ርካሽ ጉልበት ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲውም የአንድን ኩባንያ መሣሪያ ብቻ የሚያውቁ ምሩቃን ያስወጣል። የግል ምስጢርም መረጃን ለመቆለፍ ምክንያት መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2023 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ድንበሩን አስቀምጧል፤ ስምና የፓስፖርት ቁጥር ተነሥቶለት በጥበቃ ሥር የሚሰጥ መረጃ ለሥልጠና በቂ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። አገሪቱ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ በጁላይ 2024 የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የመረጃ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርትን ያካትታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የበይነ መረብ ሥልጠናው መነሻ ነው። ቀጣዩ እርምጃ የኢትዮጵያ አየር መንገድን፣ ኢትዮ ቴሌኮምን፣ ባንኮችንና ሆስፒታሎችን የመሳሰሉ ተቋማት በሕጉ ጥላ ሥር ያልፈቱትን ችግር ለዩኒቨርሲቲዎች መስጠት ነው። ዋና የሚባል አይታረስበትም፤ ከውሃው ሳይገቡ ዋና አይለመድም። የመረጃ ተንታኝም ከሕያው መረጃ ሳይገናኝ የሚያገኘው የምስክር ወረቀት ከወረቀትነት አያልፍም።