ልጅዎ «ለአገልግሎት ወደ ውጭ አገር ልሂድ» ስትል

ከአምቦ ከተማ አንዲት እናት ጭንቀታቸውን በሁለት ገጽ ዘርዝረው ጽፈውልናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ ሦስት ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው የመጀመሪያ ልጃቸው ከካቶሊክ ተማሪ ጓደኞቿ ጋር በመጪው ነሐሴ ወደ ኬንያ፣ ማርሳቢት ወደምትባል ከተማ ሄዳ ለአራት ሳምንት በአንድ ትምህርት ቤት ለማገልገል ፈቃድ ጠይቃቸዋለች። እርሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። «ሃይማኖቷን ትለውጥብኝ ይሆን? በመንገድ ትጠፋብኝ ይሆን? የሰው ልጅ ልታገለግል ስትሄድስ የእኔን ቤት ማን ያገለግላል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለምና በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በሆለታ ያላችሁ እናቶችም አብራችሁ አንብቡት።

በመሠረቱ ተማሪ ለአገልግሎት ከቤቱ መውጣቱ ለአገራችን እናቶች አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄደ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም ያስተምር ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማሩ። ያን ጊዜ ስንቅ ቋጥረው ልጃቸውን የሸኙ እናቶች ዛሬ ቅድመ አያቶች ሆነዋል። ገና በሕይወት ያሉትን ጠይቋቸው። ከስቶና ጠቁሮ፣ ነገር ግን አገሩን አውቆ የተመለሰ ልጅ አለ፤ ሳይመለስ የቀረም አለ። ይሁንና ያ ሁሉ ግዴታ ነበር። የአምቦዋ ተማሪ ግን ማንም ሳያስገድዳት፣ ደግሞም ተደብቃ ሳትሄድ እናቷን ያስፈቀደች ልጅ ናት። ከቁጣው በፊት ይህን ልብ ማለት ይገባል።

የውጭው ጉዞ ጠቃሚ ነው ወይ? በካቶሊክ ተማሪዎች ዘንድ ይህ ዓይነቱ ጉዞ የቆየ ልማድ ሲሆን ከሁሉ የከረረው ወቀሳ የደረሰበት ከራሳቸው ካህን ነው። ኢቫን ኢሊች የተባሉ ካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ወደ ሜክሲኮ መንደሮች ለአገልግሎት ለሚሄዱ የአሜሪካ ተማሪዎች ንግግር ሲያደርጉ፣ ልረዳችሁ ብላችሁ ከምትሄዱ ብትቀሩ ይሻላል አሏቸው። ከምክንያቶቻቸው አንዱም የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ሰዎቹ ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ እንኳ መስማት አይችልም የሚል ነበር። መሄድ የፈለገ ለማየትና ለመማር ይሂድ ሲሉም መከሩ። ተማሪዎቹን ማስቀየማቸው አልቀረም፤ ለእኛ ግን ነገሩ እውነት ይመስለናል።

ታዲያ የቄሱን ሚዛን በአምቦዋ ልጅ ላይ እናስቀምጠው። ማርሳቢት በሰሜን ኬንያ የምትገኝ፣ ቦረናዎችና ሌሎች አርብቶ አደሮች የሚኖሩባት አገር ናት። የቦረናዎቹ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አነጋገሩ ከምዕራብ ሸዋው ጥቂት ይለያል እንጂ አምቦ ያደገች ልጅ ውኃ ልትቀዳ ከመጣች የማርሳቢት እናት ጋር ቆማ መጫወት ትችላለች። ከሮም ወይም ከቺካጎ የሚመጣው ተማሪ ይህ የለውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ጀምሮ ወደ 15 የደረሰው ሰው ፊደሉን በእናቱ አፍ ሲማር ፈጥኖ ስለሚገባው ነው። ከአምስቱም አንዱ ኦሮምኛ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ ወደዚያ ስትሄድ ባዶ እጇን አይደለችም።

ይህን ካልን በኋላ በደብዳቤው ውስጥ አንድ ያላማረን ነገር አለ። ልጅቱ «በነሐሴ አስተምራለሁ» ብላለች። የኬንያ ትምህርት ቤቶች ዓመታቸውን የሚጀምሩት በፈረንጆች ጥር ሲሆን በነሐሴ ለጥቂት ሳምንታት ይዘጋሉ። እንግዲህ ተማሪ በሌለበት ማንን ታስተምራለች? ምናልባት የዕረፍት ጊዜ ማጠናከሪያ ይሆናል፤ ምናልባት ግድግዳ መቀባት ነው፤ ምናልባትም ጋባዦቹ ራሳቸው አላሰቡበትም። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደምትሠራና ያንን ሥራ ማን እንደጠየቀ በጽሑፍ ይምጣልዎ። ማንም ያልጠየቀው አገልግሎት ለባለቤቱ ሸክም ነው፤ እንግዳ መመገብና ማስተኛት ምን ያህል እንደሚያደክም እናንተ ባለቤቶች ታውቁታላችሁ።

የመንገዱ ፍርሃት በከንቱ የመጣ አይደለም። ከአምቦ ማርሳቢት በአዲስ አበባና በሞያሌ በኩል 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚሁ በሞያሌ መንገድ አያሌ የደቡብ ልጆች ደቡብ አፍሪካ እናደርሳችኋለን በሚሉ ደላሎች ተታለው ሄደዋል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግደውን በከባድ ወንጀል ይቀጣል፤ ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ እናት አስቀድማ ትጠይቅ። የግብዣውን ደብዳቤ ይዘው ልጆቹን ወደሚያውቀው ቁምስና ይሂዱ። ከዚያም አዲስ አበባ ባለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ጽሕፈት ቤት በኩል የማርሳቢት ሀገረ ስብከት ስለ ጉዞው ያውቅ እንደሆነ ያስጠይቁ። ስልክ ሲደውሉ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደውሉ። ገንዘብ በአንድ ግለሰብ ስም ይግባ ከተባለ፣ ደረሰኝ የለም ከተባለ፣ ወይም ኬላ ላይ «ዘመድ ልጠይቅ ነው በይ» ከተባለች ነገሩ እዚያው ይቁም። ፓስፖርቷን ከራሷ ቦርሳ በቀር ማንም አይያዘው፤ ቅጂውም እርስዎ ዘንድ ይቅር። የመመለሻው ትራንስፖርት ከመነሳቷ በፊት ይከፈል። በየመንገዱ የሚያድሩበትም ቦታ በስም ይታወቅ።

የሃይማኖቱ ጉዳይ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ልጅዎ በአራት ሳምንት ሃይማኖቷን የምትለውጥ ከሆነ ማርሳቢት ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም፤ አምቦም ይበቃታል። ይልቅስ ጉዞው ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። በዚያ ያሉት ካቶሊኮች የእመቤታችንን የዕርገት በዓል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15፣ ማለት በእኛ ነሐሴ 9 ያከብራሉ፤ የእኛ ፍልሰታ የሚፈታው ግን ነሐሴ 16 ነው። ልጅቱ የምትጾም ከሆነ አስቀድማ ታሳውቅ፤ አገሩ የወተትና የሥጋ አገር ነውና ምግብ ካልተነገረ አይዘጋጅላትም። በጸሎታቸው መገኘት በፈቃድ ነው ወይስ ግዴታ ብላም ትጠይቅ። ግዴታ ነው ካሏት አገልግሎቱ ሌላ ዓላማ አለው ማለት ነውና ብትቀር ይሻላል።

አሁን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ቀረ። እናትየው «የእኔን ቤት ማን ያገለግላል?» ያሉት በምሬት ነው፤ ተገቢም ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ውለው ሲገቡ እሳቱን አንድዳ፣ ትንሿን ልጅ አጥባ የምትጠብቃቸው ይህች ልጅ ናት። ዳሩ ግን በዚሁ ደብዳቤ ጫፍ ላይ የ17 ዓመት ወንድ ልጅ እንዳላቸው ጽፈዋል፤ ስለ ሥራው ግን አንዲት ቃል የለችም። ክረምቱን እርሱ ምን ሲያደርግ ነው የሚያሳልፈው? ሽንኩርት መክተፍና ልብስ ማጠብ የሴት እጅ አይጠይቅም። ከአሁኑ እህቱ አጠገብ ቆሞ ወጥ መሥራት ቢለማመድ እስከ ነሐሴ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ጨው ቢበዛበት ይታገሡት። እህቱ ባትሄድም እንኳ ይህ መቅረት የለበትም።

በመጨረሻም መንገዱ ከተፈቀደ ልጅቱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋታል። ካርዱ የሚያገለግለው ከተከተበች ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ እስከ ጉዞው ዋዜማ አታቆየው።