ሾርባ እራት ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ሾርባ የሚታየው ሁለት ቦታ ነው፤ ለታማሚ ጥየቃ በሚያዝ ፔርሙስ ውስጥና ሆቴል ጠረጴዛ ላይ፣ ዋናው ምግብ እስኪደርስ። በረመዳን የሚያፈጥሩ ቤቶች ከዚህ ይለያሉ። እዚያ ሾርባ ክብር አለው፤ ቀኑን ሙሉ የጾመን ሰው ጉልበት የሚመልስ ምግብ ነው። ሌሎቻችን ግን እንግዳ ጠርተን ሾርባ ብቻ ብናቀርብ ይታዘበናል ብለን እንፈራለን። ልጆቻችንም «ዛሬ እራት ሾርባ ነው» ሲባሉ «ማን ታመመ?» ይላሉ።

ይህ እንዲቀየር እፈልጋለሁ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ማምሻውን ቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዝበት ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ቦሎቄ፣ ጎመንና የከረመ ዳቦ አንድ ላይ የፈሉበትን ወፍራም የጣሊያን ገበሬ ሾርባ እንደ ሙሉ እራት አለመቁጠራችን ትልቅ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። የምናገረው ቀምሼ ብቻ ሳይሆን አብስዬም ነው።

ለዓመታት የኖርኩት ጣሊያን ነው። ቶስካና ውስጥ፣ ከአሬዞ ከተማ ወደ ሰሜን፣ የአርኖ ወንዝ ከተራራው ወርዶ የሚያልፍበት ካዘንቲኖ የሚባል ሸለቆ አለ። እዚያ አንዲት አዛውንት እንከባከብ ነበር። በዚህ ሥራ ጣሊያን የኖርን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች ብዙ ነን። ስለ አገሩ ምግብ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናነሣው ፒዛን አይደለም። የምንበላው ቤቱ የሚበላውን ነበርና፣ ቤቱ ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ማታ ማታ የሚበላው ሾርባ ነው። ሰሜኖቹ በሩዝ ይሠሩታል፣ ጄኖቫዎች በሶብላና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ይጨምሩበታል። ቶስካናዎች ሪቦሊታ የሚሏትን ይሠራሉ፤ እኔም የማውቀው እሷን ነው።

ሲኞራ ብዬ የምጠራቸው እኚያ አዛውንት ቦሎቄውን የሚነክሩት ማታ ነው። ጠዋት ውሃውን ይደፉና በአዲስ ውሃ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ሳልቪያ ከሚባለው መዓዛማ ቅጠል ጥቂት ጋር ይጥዱታል። አንዴ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ ድስቱን ወደ እንጨት ምድጃው ጠርዝ ያሸሹታል። ምድጃው መሐል ላይ ከቆየ ቦሎቄው ይፈነዳል፣ ገለፈቱም ተገፎ ይንሳፈፋል። ጠርዙ ላይ ግን ውሃው እምብዛም ሳይናወጥ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ፍሬው ሳይፈርስ ውስጡ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ሲበስል ግማሹን በወንፊት አሽተው ያሳልፉታል፣ ግማሹን እንዳለ ይተዉታል። የሾርባዋ ውፍረት የሚመጣው ካሹት ቦሎቄ ነው፤ ክሬም የለ፣ ዱቄት የለ።

ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮትና የሾርባ ቅጠል አድቅቀው ከትፈው በወይራ ዘይት ያቁላላሉ። ከእኛ ቁሌት የሚለየው እንዲጠቁር አለመፈለጉ ነው፤ እሳቱ ቀስ ያለ ሆኖ ሽንኩርቱ እስኪለሰልስ ብቻ። ድንችና ትንሽ ቲማቲም ይከተላሉ፤ ከዚያ ቆስጣው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካቮሎ ኔሮ የሚሉት ረጅም፣ የተጨማደደ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጎመን ይገባል። ስለዚህ ጎመን ሲኞራ ቆፍጠን ያሉ ነበሩ። ጓሮው ውስጥ ደርሶ ቆሞ እያየሁት «ውርጭ ሳይመታው እንዳትነኪው» ይሉኛል። ተክሉ ብርድ ሲበረታበት ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ከውርጭ በፊትና በኋላ የተቆረጠውን አጠገብ ላጠገብ የቀመሰ ሰው ግን ማብራሪያ አይጠይቅም።

ዳቦው መጨረሻ ላይ ይመጣል። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፤ ሲከርም ቢላዋ እስኪያስቸግር ይጠነክራል። ያንን የሚጥል ሰው እዚያ ሸለቆ አላየሁም። እኛ የተረፈ እንጀራ አድርቀን ድርቆሽ እንደምናስቀምጠው እነሱም ዳቦውን ለሾርባ ያቆዩታል። ድስቱ ውስጥ አንድ ረድፍ ዳቦ፣ በላዩ ሾርባ፣ እንደገና ዳቦ፣ እንደገና ሾርባ እየተደረገ ይሞላና ያድራል። ሌሊቱን ዳቦው መረቁን ይጠጣል። በማግሥቱ ዘይት ፈሰስ ተደርጎበት በቀስታ ሲፈላ ዳቦና ቦሎቄ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ማንኪያ ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። እኔ የምሟገተው ለዚህ ለሁለተኛው ቀን ሾርባ ነው። ጠጥተውት ሳይሆን በልተውት የሚጠግቡት ነው።

ይህ የድሃ ምግብ መሆኑን ማንም አይደብቅም። ፔሌግሪኖ አርቱሲ እ.ኤ.አ. በ1891 ፍሎሬንስ ውስጥ በራሱ ገንዘብ ያሳተመውና እስከ ዛሬ ከጣሊያን ቤቶች ያልጠፋው የምግብ መጽሐፍ፣ የቶስካና ገበሬዎች የጾም ሾርባ ብሎ መዝግቧታል፤ 400 ግራም የከረመ ዳቦ፣ 300 ግራም ነጭ ቦሎቄ፣ 2 ሊትር ውሃ። የጾም ይበላት እንጂ ጥቂት የአሳማ ቆዳ ጣል አድርጎባታል። ሲኞራ ቆዳውን አይጨምሩም ነበር፣ ሾርባዋም ምንም አልጎደለባት። ይኸው አርቱሲ ሚኔስትሮኔ ስለሚባለው የአትክልት ሾርባ ሲጽፍ የሚተርከው ገጠመኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1855 ሊቮርኖ ከተማ ሚኔስትሮኔ በልቶ ሌሊቱን ሙሉ ሆዱን ሲቆርጠው አደረና ሾርባውን ሲራገም ነጋ። ወደ ፍሎሬንስ ከተመለሰ በኋላ ነው ሊቮርኖ ውስጥ ኮሌራ መግባቱን፣ ያሳደረው የቤቱ ባለቤትም በበሽታው መሞቱን የሰማው። ሾርባ ከጥንትም ባልሠራው የሚከሰስ ምግብ ነው።

ወደ ጉልታችን ልምጣ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እዚህ የማይገኘው ምንድን ነው? ካሮት፣ ድንች፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን አለ። የሾርባ ቅጠሉን ጉልት የተቀመጠችው ሴት ከካሮቱ አጠገብ በእሰር ደርድራዋለች። ካቮሎ ኔሮ ባይኖር የሐበሻ ጎመን አለ፤ ጠረኑ ጠንከር ስለሚል ከጥቅል ጎመን እኩል በእኩል ማቀላቀል ይሻላል። ለሳልቪያው ምትክ አንድ ዘለላ የሥጋ መጥበሻ ይበቃል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ይውጣ፣ ካልወጣ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይውጠዋል። ዳቦው ከሁለት ቀን በፊት የተገዛ ስኳር የሌለው ፎርኖ ይሁን።

የሚያንገበግበኝ ቦሎቄው ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዳማ እስከ ዝዋይና ከዚያም ወዲያ ያለው ገበሬ ነጭ ቦሎቄ ያመርታል። መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ አዋሽ 1 ያሉ ዝርያዎችን ያወጣለትም ለዚሁ ምርት ነው። ግን አብዛኛው ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ የሚላክ ነው፤ አውሮፓ ደርሶ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። ደቡብ አካባቢ ቀዩን ቤተሰብ ከበቆሎ ጋር ቀቅሎ ይበላዋል። አዲስ አበባ ግን ነጩን እንደ ባዕድ ያየዋል። ከምስር ጋር ሲተያይ ለማብሰል ጊዜ ይፈጃል እንጂ ምን ይጎድለዋል? ጎረቤቶቼን ስጠይቅ የሚመልሱልኝ አንድ ነው፤ «አይበስልም» ይላሉ።

መልሱ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን ቦሎቄው አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ካዘንቲኖ ሸለቆ ውስጥ ያሉት ከተሞች 400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ውሃቸው ወደ 99 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ለቦሎቄ ከባድ ነው፤ እዚያ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚለሰልሰው እዚህ ሦስትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የግፊት ድስት ያለው ያለ ሐሳብ ይጠቀም፤ ግፊቱ ከፍታው የወሰደብንን ሙቀት ይመልሳል። የሌለው ደግሞ ተስፋ ሳይቆርጥ ማታ ይንከር፣ የነከረበትን ውሃ ይድፋ። ቲማቲምም ይሁን ማንኛውም ጎምዛዛ ነገር ቦሎቄው ሳይለሰልስ ድስቱ ውስጥ አይግባ፤ ጎምዛዛነቱ ገለፈቱን ያጠነክረዋል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊት ቢፈላ ለውጥ የለም። ቀይ አደንጓሬ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ይያዝ፤ ጥሬው ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፣ የሚጠፋውም በደንብ በመንተክተክ ነው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት በኃይል ይፍላ፣ እሳቱ የሚቀነሰው ከዚያ ወዲያ ነው። ለነጩም ቢሆን ይህን ማድረግ አይጎዳም።

ይህን ሁሉ ድካም ለመሸሽ ነው ብዙ ቤትና ብዙ ምግብ ቤት ወደ ዱቄት ሾርባ የሄደው። ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ ሆቴል ሚኔስትሮኔ አዝዤ የመጣልኝ ብርቱካናማ ውሃ ነበር፤ ታቹ ላይ ጥቂት የካሮት ፍንካች፣ አንድም ቦሎቄ የለበትም። የከፈልኩበት ገንዘብ ጉልት ላይ ለስድስት ሰው የሚበቃ ሾርባ ያስገዛ ነበር። የፓኬቱንና የኪዩቡን ጀርባ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ጨው ታገኛላችሁ። የደም ግፊት ያለባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ሾርባ ለጤና ነው ተብለው ይህን ሲጠጡ ሳይ ያመኛል። ምግብ ቤቶች ዱቄት በጥብጠው ካቀረቡ ዱቄት ነው ብለው ይጻፉ፤ የገበሬውን ሾርባ ስም አይውሰዱበት።

ለሁለተኛው ቀን ሾርባ ከፍልሰታ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ዝናቡ ሳያባራ፣ ሰው ከቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ፣ ጫማው በስብሶ፣ ነጠላው ርሶ ነው። ቤት ገብቶ ሽንኩርት መላጥ የሚጀምር ማን አለ? ማታ የተሠራው ሾርባ ዳቦውን ጠጥቶ ድስቱ ውስጥ ይጠብቃል፤ የሚቀረው ቀስ አድርጎ ማሞቅ ብቻ ነው። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ከሽሮና ከምስር ወጥ ጋር ይፈራረቅ እንጂ ይተካቸው አልልም፤ ሽሮ በሌለበት ፍልሰታን አልፈልጋትም።

ለስድስት ሰው ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ይበቃል፣ ለነገም ይተርፋል። ሲሞቅ ከታች እንዳይዝ እሳቱ ዝቅ ይበል፤ ቢይዝም ጠርዙ ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት ቶስካናዎች ይሻሙበታል። ፍስክም ቢሆን አይብ አይነስነስባት፤ በዚህ ነገር ሲኞራ ድርድር አያውቁም ነበር፣ እኔም ከሳቸው ወገን ነኝ። አጠገቡ የተከተፈ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ይቀርባል። ቃሪያ ለሚወድ ቃሪያ ይጨመር። የወይራ ዘይት ዋጋው ከከበደ ማቁላያው ተራ ዘይት ይሁንና የወይራው ለመጨረሻ ይቀመጥ፤ ሾርባው ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ጥሬውን አንድ ማንኪያ ብቻ ከላይ።