አሮጌው የቪዲዮ ካሴት ሳይሻግት

ክረምት በገባ ቁጥር የእንጦጦ ጭጋግ ወደ የካ ሲወርድ በየቤቱ እርጥበት እንደሚገባ የታወቀ ነው። ከዚህ እርጥበት የተነሣ ከሚጎዱት ንብረቶች አንዱ፣ በቁም ሣጥን ተረስቶ የቀረው የቪዲዮ ካሴት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ድራማ፣ ሙዚቃና የበዓል ዝግጅት ለሕዝብ አቅርቧል። ቪዲዮ በከተማችን በተስፋፋበት ዘመን ከእነዚህ አንዳንዶቹ በየቤቱ ይቀዱ፣ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ይከራዩ፣ በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆችም ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ገዢ አልታጣም፤ ብዙውን ጊዜ የታጣው ፈቃድ ያለው ሻጭ ነው።

የሌሎች ስሕተት ትምህርት ይሁነን። የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ካሴቱ ውድ በመሆኑ ብዙ ዝግጅቶችን እያጠፋ ሌላ ቀረጸበት። የቪዲዮ ገበያ ሲከፈት ግን የተናቀው ሥራ ተፈላጊ ሸቀጥ ሆነ። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ድራማ ብቻ ከ90 በላይ ክፍሎች እስካሁን የሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጠፉት 9 ክፍሎች መገኘታቸው በተነገረ ጊዜ፣ የተገኙት ከለንደን ሳይሆን ከናይጄሪያ ነበር፤ ወዲያውም ለሽያጭ ቀረቡ።

«ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ በነጻ ይታያል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በስልክ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ የቅጂ ቅጂ ነው። ጥራት ያለው ሥራ የሚወጣው ከዋናው ካሴት ነው፤ እርሱም ዕድሜው የተወሰነ ነው። የማጫወቻው የመጨረሻ ታዋቂ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቁሟል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውንና የተዋናዩን መብት ያውቃል። እንግዲህ የቀድሞውን ሥራ በዲጂታል ገልብጦ፣ በውል ለገበያ አቅርቦ፣ ለባለሙያው ወይም ለወራሾቹ ድርሻቸውን መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

ስለሆነም መዝገብ ቤት የሚጠብቅ ወጣት ሠራተኛ አሮጌ ካሴት ከማስወገዱ በፊት በውስጡ ያለውን ይመርምር እንላለን። ተማሪውም በወላጆቹ ቤት ያለውን ካሴት ከእርጥበት ያርቅ፤ ሻጋታ የያዘውንም ባለሙያ ሳያይ ማጫወቻ ውስጥ አያግባ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወርቅነቱን ከጠፋ በኋላ ማወቅ ግን ለማንም አይበጅም።