ማስያዣው በማኅበሩ እጅ ይሁን

ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች የሚወጣ ሰው ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ሲያቋርጥ በመንገዱ ግራና ቀኝ የብየዳ ብልጭታ ሳያይ አያልፍም። በ2015 ዓ.ም ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች በር፣ መስኮትና የግቢ አጥር የሚሠሩ የብረታ ብረት ቤቶች የበዙባቸው ናቸው። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ ግን ዛሬም የሚያርሰው በአያቱ ሞፈርና ድግር ነው። የብየዳው ቤትና እርሻው በእግር የሚደራረሱ ሆነው ሳለ በሥራ ሲገናኙ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

መገናኘት የሚኖርባቸው ለምን እንደሆነ መሬቱ ራሱ ይናገራል። ከሰበታ ወዲያ ያለው የበቾ ሜዳም ሆነ የሱሉልታ ረባዳ ቦታ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ውሃው እስኪሸሽ የሚጠብቅ ገበሬ ዘሩን የሚዘራው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ሕዝብ ይህን ችግር ድሮ አውቆት ሴቱም ልጁም አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብና ፈሰስ ሲያወጣ ኖሯል። በ1970ዎቹ ማብቂያ ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ የቁም ከብት ማዕከል ከአገር ውስጥ የምርምርና የትምህርት ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን በማያያዝ ይህንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ። ይኸው ቢቢኤም በመባል የሚታወቀው ነው። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ፈሰሱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው እንጨት የበዛበትና ለበሬም ለሰውም የከበደ ስለ ነበር በኋላ የብረት ክንፍ ያላቸው ቀለል ያሉ ዓይነቶች ተከተሉት።

እንግዲህ የብረት ክንፍ ከሆነ ለብየዳ ቤት የሚያቅተው አይደለም። ላሜራ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ይበይዳል። ችግሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ሄዶ አንድ ክንፍ ሲያሠራ በያጁ በዓይኑ ለክቶ፣ በእግሩ ረግጦ ይዞ ይበይድለታል። ብየዳ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ብረቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። በሞቀበት ሰዓት ልክ የነበረው ክንፍ ሲቀዘቅዝ ዘንበል ብሎ ይገኛል። በወንበር እግር ላይ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። በማረሻ ላይ ግን አንዱ ክንፍ ከሌላው በጥቂት እንኳ ከተለየ መሣሪያው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ አራሹ እርፉን ሲታገል ይውላል፣ የአንድ ወገን በሬ ቀድሞ ይደክማል፣ መደቡም እባብ የሄደበት ይመስላል። በመጨረሻ የሚወቀሰው ግን በያጁ አይደለም፤ ሐሳቡ ነው። «የመንግሥት ማረሻ ለእኛ አይሆንም» ተብሎ መሣሪያው ከጎታው ጀርባ ይጣላል።

አዳኝ እንኳ ጠመንጃውን በእጁ ብቻ አያምንም፤ ባላ ላይ አስደግፎ ይተኩሳል። የብየዳ ሥራም ባላ ያስፈልገዋል። ብረቱ እየተበየደ ሳይነቃነቅ በልኩ የሚይዝ ማስያዣ ማለት ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። የማይታጠፍ ወፍራም ላሜራ ይወሰድና በሦስት እግር ይቆማል። እግሩ ሦስት የሚሆነው ጉልቻ ሦስት በሆነበት ምክንያት ነው፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይናጋም። በላሜራው ላይ ክንፉ የሚደገፍባቸው የአንግል ብረት ቁራጮች በልካቸው ይበየዳሉ፤ ክንፉን ጨምቀው የሚይዙ ብሎኖችም ይገጠማሉ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ክንፍ ሁሉ እዚያው ላይ ይታሰራል፤ በመጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ በግራም በቀኝም እየተፈራረቀ ይያዛል፣ ቀጥሎ ይበየዳል፣ ሳይቀዘቅዝም አይፈታም። በውሃ ማቀዝቀዝ የለም፤ ወረፋ የበዛበት በያጅ ይህን ማድረግ ስለሚወድ አጠገቡ ቆሞ መከልከል ነው።

ዋናው ቁም ነገር ማስያዣው ከምን ላይ ልኩን ይወስዳል የሚለው ነው። ከወረቀት ሥዕል መነሣት አይገባም። በቅድሚያ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሠራ፤ በሰኔና በሐምሌ አፈሩ ርሶ በሚጣበቅበት ወቅት፣ በማኅበሩ አባል ማሳ ላይ፣ በማኅበሩ አባል በሬዎች ይሞከር፤ የሚታረመው ታርሞ አራሾቹ «አሁን ሆነ» ካሉ በኋላ ማስያዣው በእርሱ ልክ ይሠራ። በደረቅ ወር በግቢ ውስጥ ተሞክሮ የጸደቀ መሣሪያ ጭቃ ሲነካው ሌላ ነው።

ማስያዣው ሲሠራ ደግሞ ንብረትነቱ የማኅበሩ እንዲሆን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። በብየዳ ቤቱ የቀረ እንደ ሆነ ቤቱ ሥራ ሲቀይር ወይም ኪራይ ተወዶበት ሲነሣ ልኩም አብሮት ይሄዳል። በማኅበሩ መጋዘን ከተቀመጠ ግን ዘንድሮ ሰበታ ያሠራ ማኅበር ለከርሞ ቡራዩ ቢወስደው የሚወጣው ክንፍ ያው ነው፤ የተሰበረውም አንድ ቁራጭ ብቻ ተሠርቶ ይተካል። ሃያ ሠላሳ አባወራ በአንድነት ሲያዝዝ ደግሞ የበር ሥራ የሚያስቀድመው ባለ ቤት ጆሮ ይሰጣል። ብረቱንም ማኅበሩ ራሱ ገዝቶ ቢያቀርብ ውፍረቱን አይታለልም።

«መሬቱ ነገ ለቤት መሥሪያ ይሆናል፣ ምን አደከመን» የሚሉ ገበሬዎች በከተሞቹ ዳርቻ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ከተማው ሲሰፋ ማሳ ሲጠብ በዓይናቸው አይተዋል። ሆኖም ይህ መሣሪያ እንደ ግድግዳ የተተከለ አይደለም። እርሻ በቀጠለባቸው በሰበታ ሐዋስም ሆነ በሱሉልታ ወረዳ ቀበሌዎች ያለ ማኅበር ከከተማው ጫፍ ያለውን ማስያዣ በአህያ ጭኖ ሊወስደው ይችላል። ዘግይቶ የተዘራ ማሳም ዘንድሮ የሚያጎድለው የዘንድሮን እህል ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ቀጥቃጩ ይቅር ማለት አይደለም። የማረሻው ጫፍ የእርሱ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የሚወጣ ማረሻ በእሳት ተግሎ፣ በመዶሻ ተስሎ፣ በውሃ ወይም በዘይት ጠጥቶ የሚጠነክር ሲሆን፣ ይኸው ባሌስትራ በተራ ኤሌክትሮድ በችኮላ ቢበየድ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በየመንደሩ ቀጥቃጩን ጠይብ ብሎ ከጉባኤ የሚያርቅ አልጠፋም። መሣሪያው በሚሞከርበት ቀን ወናፍና ጉጠት የያዘውን ሰው ከበያጁ እኩል ማሳው ዳር አቁሞ የሚለውን መስማት ያሻል። ማረሻው ስንት ጣት ወጣ ይበል፣ ወገሉ ምን ያህል ይጥበብ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እርሱ ዘንድ ነው።

የማዘዣው ጊዜ ከጥምቀት ማግስት እስከ መጋቢት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካለፈ ሙከራው ለከርሞ ክረምት ይቆያል።