ቆራሌው በሌለበት አገር

የዛሬው ጨዋታችን ከፖለቲካው ወረድ ብሎ ምድር ቤት ይገባል። ቤዝመንት ከምትሉት ቦታ ማለቴ ነው። እዚያ ታች ያለውን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከነላስቲኩ የተቀመጠ ብርድ ልብስ፣ ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ልጁ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ማንም ያልነካው ብስክሌት፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ድስቱ የጠፋ ክዳን። ምድር ቤት የሌለው ደግሞ ስቶሬጅ ተከራይቶ፣ ሃምሳ ዶላር ለማያወጣ ዕቃ በየወሩ ከዚያ በላይ ይከፍላል። "ለምን አትጥሉትም?" ብትሉ ባል ወደ ሚስት፣ ሚስት ወደ ባል ይጠቁማሉ።

አዲስ አበባ ይህ ጭንቀት አልነበረብንም። "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ በሰፈር ሲያልፍ ያፈሰሰው ባልዲና የተጣመመው ቆርቆሮ ይወጣለታል፤ ክርክር ይደረጋል፤ ሳንቲም ይቆጠራል። "ልዋጭ!" ባዩ አሮጌ ልብስ ወስዶ ሳህን ይሰጣል። ዕቃው ከዚያ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ይወርድና ጎማው በረባሶ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ ይመለሳል። በዚህ ንግድ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ቆራሌው እምቢ ማለት ይችላል። "እመቤቴ፣ ይሄስ አይሆነኝም" ብሎ ማዳበሪያውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። እኛም የዕቃችንን ልክ ከሱ አፍ እንሰማለን።

እዚህ አገር ቆራሌው የለም። ያረጀ ሶፋ ለማስነሳት ከፋዩ ባለቤቱ ነው። ታዲያ ከፍሎ ከመጣል ብለን ዕቃችንን የምናሸክመው እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው አገር ቤት ያለው ዘመድ ነው። ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፤ በርሜልም በመርከብ ይላካል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዳቦ መጥበሻውን እንዳለ የሰካው ሰው ያቃጥለዋል፤ ካውያና መጥበሻ የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከዕቃው በላይ ያስወጣል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም። በመብራቱ ምት የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል! ከመላካችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ ገልብጣችሁ አንብቡ። እንደ ብዙዎቹ የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮች "100-240" የሚል ከሆነ ይሠራል፤ "120" ብቻ ካለ እዚሁ ይቅር። ዘመድ ግን ይህን አይነግራችሁም። "ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን" ይላል። አንድ ወዳጄ ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ገብቶ የላከውን የዳቦ መጥበሻ ያገኘው ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ነው። አክስቱ ትንፍሽ አላሉም። የጉምሩኩን ምልልስና የከፈሉትንም የሰማው ከጎረቤት ነው።

ሁለተኛው አዲስ መጤው ነው። በዲቪም ይምጣ በቤተሰብ ጥሪ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ለሚገባ ሰው ድስት፣ ሳህን፣ ንጹሕ አንሶላና የክረምት ካፖርት ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ የተሻለ መስጫ የለም። ችግሩ ይሉኝታ ነው። ትናንት የመጣ ልጅ ከአየር ማረፊያ የተቀበሉትን ጋሼን "ይህ ሶፋ አይሆነኝም" እንዴት ይላል? እግሩ የተሰበረውን ሶፋ አራተኛ ፎቅ ያወጣል፤ ከዓመት በኋላም ራሱ ከፍሎ ያስነሳዋል። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። አንዳንዱ ስጦታ ደግሞ አደጋ አለው። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ በአሜሪካ ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ የታገደው ሕፃናት እየታነቁ ስለሞቱበት ነው። የልጅ የመኪና ወንበርም የአገልግሎት ዘመኑ የተወሰነ ነው፤ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ታትሟል።

ስለዚህ መንገዱን ለውጡ። ዕቃውን ቤታችሁ ደርድሩና "ቅዳሜ መጥታችሁ የምትፈልጉትን ምረጡ" በሉ። እናንተ ቡና አፍሉ እንጂ አጠገባቸው አትቁሙ። ባዶ እጁን የወጣ ቢኖርም አትቀየሙ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ኮሙኒቲውም ቢሆን በር ላይ ጥሎ መሄድ ሳይሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ጉድዊልን የጀመረው ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ነው፤ በ1902 ቦስተን ከተማ ውስጥ ከባለጸጎች ያገለገለ ዕቃ እየሰበሰበ፣ ድሆችን ቀጥሮ እያስጠገነ እንዲሸጥ አደረገ። የተቋቋመው ለሥራ ነው፤ ቆሻሻችንን አጣርቶ እንዲጥልልን አይደለም። ለታክስ ብላችሁም ከሆነ ከ2006 ወዲህ ሕጉ በጥቅሉ የሚቀበለው በደህና ይዞታ ላይ ያለ ልብስና የቤት ዕቃ ነው፤ የሚጠቅመውም ተቀናሹን በዝርዝር ለሚያስመዘግብ ሰው ነው። የ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ስጦታ የጽሑፍ ደረሰኝ ይፈልጋል። ያ ሻኛማው ቴሌቪዥን ደግሞ መስተዋቱ እርሳስ አለበት፤ የኤሌክትሮኒክስ መሰብሰቢያ ወስዶ ማስረከብ ነው። የተበላሸውን ተበላሽቷል ብሎ በአግባቡ መጣል ድሃ መናቅ አይደለም። ድሃ መናቅስ የተበላሸውን "ለችግረኛ ይሆናል" ማለት ነው።

ሦስተኛው እምቢ የማይለው ሰው የገዛ ልጃችን ነው። እዚህ ላይ ጨዋታው ጠጠር ይላል። ከዕቃው ብዙው የሚቀመጠው ይጠቅማል ተብሎ አይደለም። "አገር ስገባ" የሚል ስም ስላለው ነው። መጋረጃው፣ የሻይ ስኒው፣ ያልተፈታው አንሶላ ሁሉ ለዚያ ቀን የተገዛ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠርላችሁ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ካርቶኑ ታሰረ። በ1998 የድንበሩ ጦርነት ሲጫር ቆይ ተባለ። በ2018 "ዘንድሮስ" ተብሎ አቧራው ተራገፈ። በ2020 መገባቱ መጨረሻ ላይ ሌላ ጦርነት ሲነሳ ካርቶኑ ተመልሶ ምድር ቤት ወረደ። አገር መግባትን ተስፋ ቁረጡ የሚል ምላስ የለኝም። ነገር ግን የሚገባው ሰውየው ነው እንጂ መጋረጃው አይደለም። መጋረጃ አዲስ አበባም ይሸጣል።

እኛ ካልወሰንን የሚወስኑት ልጆቻችን ናቸው። ለቅሶው ሳይበርድ፣ ከሥራ ባገኙት የጥቂት ቀን ፈቃድ ቤቱን ባዶ ማድረግ አለባቸው። አማርኛ ለማያነብ ልጅ አንሶላ ያለበት ካርቶንና ደብዳቤ ያለበት ካርቶን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቆሻሻ መጫኛው ውስጥ ይገባሉ። ስልክ ውድ በነበረ ጊዜ እናት ድምፅዋን ቀድታ የላከችው ካሴት፣ የተማሪው ማኅበር በራሪ ጽሑፍ፣ የስደቱ ጋዜጣና መጽሔት፣ ስሙ ያልተጻፈበት የሠርግ ፎቶግራፍ አብረው ይሄዳሉ። ትርፉን ዕቃ አስወግዱ የምለውም ይህኛው ከሥሩ ተቀብሮ እንዳይቀር ነው። የፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉ፤ እርሳስ ይበቃል። ቴፑ እያረጀ ነውና ካሴቱን ዛሬውኑ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጡ። የታተመ ነገር ያለው ሰው የሚያማክረው ቦታ አለ። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትን ይሰበስባል፤ ትልቁን የአማርኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ሌይፐር ኬን የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ብራናዎችም የሚገኙት እዚያ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ደግሞ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። እነሱም እንደ ቆራሌው እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ልካችሁ ጠይቁ።

ቤቱን በአንድ ቀን ባዶ አድርጉ አልልም፤ ትዳር ይፈርሳል። በዚህ ሳምንት ግን አንድ ካርቶን ክፈቱ። ለሰው የምትሰጡት ሆኖ ካገኛችሁት ተቀባዩን "ትፈልገዋለህ ወይ?" በሉት። "አልፈልግም" ካላችሁ አመስግኑት፤ ከአሥር ሰው አንዱ የማይደፍረውን እውነት ነግሯችኋል።