ልጆቻችን በክፍል ውስጥ የሚተነፍሱት አየር



ገዥው ፓርቲ በየምርጫው ዋዜማ የሚቆጥርልን የተሠሩ የመማሪያ ክፍሎችን ብዛት ነው። ክፍል መሠራቱን አንቃወምም። ይሁን እንጂ ክፍሉ ውስጥ ስላለው አየር ሲነገር ሰምተን አናውቅም።

ጨፋ ቆላ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ የሚማር ልጅ ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የአገሪቱ መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ በከተሞቻችን ከዚያ በላይ የታጨቀበት ክፍል ብርቅ አይደለም። አቧራና የመኪና ጩኸት ሽሽት መስኮት ሲዘጋ የአንዱ ትንፋሽ የሌላው ይሆናል። ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ስለ አየር ዝውውር ብዙ ተባለ፤ ልጆቹ የተመለሱት ግን ወደነዚያው ክፍሎች ነው።

ሬዶን የሚባል ጋዝም አለ። በአፈርና በአለት ካለ ዩራኒየም የሚመነጭ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ሲሆን በወለል ስንጥቅ ገብቶ በተዘጋ ክፍል ይጠራቀማል። በብዙ አገሮች ከትምባሆ ቀጥሎ ዋነኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መጠኑ በሜትር ኪዩብ ከ100 ቤክሬል፣ ይህ ካልተቻለም ከ300 እንዳይበልጥ መክሯል። ሸለቋችን በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ያለ፣ መሬቱ የተሰነጣጠቀ ነው። ይህ ግን ክፍሎቻችን ተመርዘዋል ማለት አይደለም፤ ሕዝብን አስፈራርቶ ድምፅ መለመን የፓርቲያችን ባሕርይ አይደለም። የሚታወቀው ሲለካ ነው። መለኪያውም ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት ወራት የሚቆይ ትንሽ ዕቃ ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን በክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ ሲያገኝ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶችና ከጣሪያ ሥር የሞቀ አየር መውጫ የሌለው የመማሪያ ክፍል በመንግሥት በጀት እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ ያቀርባል። መውጫው በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል፤ የማታ ተማሪዎችንና የወባ ትንኝን አልረሳንም። ነባሮቹን ክፍሎች ማፍረስ አያስፈልግም። መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ መስኮት ማውጣት የአንድ ግንበኛና የአንድ አናጢ ሥራ ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ የለም የሚለን ባለሥልጣን ለምረቃ ድግስ የወጣውን ሂሳብ አብሮ ያቅርብልን። የሬዶን ልኬቱ ከከሚሴ ይጀመራል። ውጤቱም፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።