አሳቡ የማን ነው?

ሰው በደመወዝ ሲቀጠር ለአሠሪው የሚሸጠው ምኑን ነው? ጉልበቱን ነው እንዳንል፣ መሐንዲሱና ሒሳብ ያዡ በጉልበታቸው አያድሩም። ጊዜውን ነው እንዳንል፣ ዓመቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ የከረመውና በአንዲት አሳብ ኩባንያውን ያበለጸገው ሠራተኛ የመግቢያና የመውጫ ሰዓታቸው አንድ ነው። ነገሩ የፈላስፎች ጨዋታ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በጃፓንና በእንግሊዝ አገር ብዙ ዳኞችን ያከራከረ ጉዳይ ስለሆነ ለዛሬ ይህንኑ መረጥሁ። የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጃፓን ሺኮኩ በምትባለው ደሴት ኒቺያ የሚባል ኩባንያ አለ። ሹጂ ናካሙራ የተባሉ መሐንዲስ በ1979 ተቀጠሩበት። በዚያን ጊዜ ኤል ኢ ዲ የሚባሉት ጥቃቅን የብርሃን ምንጮች ቀይና አረንጓዴ ሲሰጡ ደማቅ ሰማያዊ ግን አልተገኘም ነበር። ሰማያዊው ከሌለ ደግሞ ነጭ ብርሃን የለም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የደከሙበትን ይህን ነገር ናካሙራ ከከተማ ርቀው ሠሩት፤ በ1993 ኒቺያ ደማቁን ሰማያዊ ለዓለም አሳየ። ዛሬ በየቤታችን የሚበራው ቆጣቢ አምፖልና የስልካችን ፊት ብርሃን የተወለዱት ከዚህ ነው።

ፓተንት ለተባለው የፈጠራ መብት ወረቀት ኩባንያው ለናካሙራ የከፈላቸው 20,000 የን ነበር። ይህም ወደ 200 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንድ ሙሉ ልብስም አይገዛ!

ናካሙራ በ1999 ኩባንያውን ለቀው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ለማስተማር ሄዱ፤ በ2001 ክስ መሠረቱ። የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት በጥር 2004 በሰጠው ፍርድ ኒቺያ ከዚህ መብት የሚያገኘውን ጥቅም 120 ቢሊዮን የን ያህል ገምቶ፣ ግማሹ የፈጣሪው ድርሻ ነው አለ። ከሳሹ የጠየቁት 20 ቢሊዮን ብቻ ስለነበረ የጠየቁት ተፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። በዓመቱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት በእርቅ ሲጨርሱ፣ ናካሙራ በዚያ ቤት ለፈጠሩት ሁሉ የተሰላላቸው ከነወለዱ 840 ሚሊዮን የን ገደማ ሆነ። ይኸኛው ፍርድ ቤት የፈጣሪውን ድርሻ የቆጠረው 5 ከመቶ ብሎ ነበርና። ሰውዬው ያው፣ ሥራው ያው፤ የአንዱ ዳኛ ሚዛን 50፣ የሌላው 5! ናካሙራ በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኩባንያውን ስግብግብ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን የኩባንያውም ወገን ሊሰማ ይገባል እላለሁ። የኒቺያ መሥራች ኖቡኦ ኦጋዋ ይሳካ አይሳካ ሳይታወቅ ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ ናካሙራንም ለትምህርት አንድ ዓመት ያህል ፍሎሪዳ ልከዋል። ነገሩ ከሽፎ ቢሆን ኪሳራው የማን ነበር? የመሐንዲሱ ደመወዝ ከቶ አይቀነስም። ስለዚህ ግማሹን መስጠት ለእኔ በዝቷል፤ 20,000 የን ደግሞ ሽልማት ሳይሆን ንቀት ነው። ዋናው ጥፋት ግን ሒሳቡ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የእኩል የሚያርስ ገበሬ ከባለመሬቱ ጋራ ድርሻውን የሚነጋገረው በሬ ሳይጠመድ ነው፤ እህሉ አውድማ ላይ ከተከመረ በኋላ እንነጋገር ያለ እንደሆነ ሽማግሌ መጥራት ይመጣል።

የእንግሊዙ ታሪክ ደግሞ በሌላ በኩል ያስተምራል። ኢያን ሻንክስ በ1982 በሳሙና ሥራው በታወቀው በዩኒሊቨር ሥር ባለ ድርጅት ተቀጠሩ፤ ደመወዛቸው በዓመት 18,000 ፓውንድና አንዲት ቮልቮ መኪና ነበር። በዚያው ዓመት የልጃቸውን የመጫወቻ ማይክሮስኮፕ መስታወቶች በወረቀት መቆንጠጫ አያይዘው፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካ መሣሪያ መነሻ ቤታቸው ሠሩ። የስኳር በሽታ ያለበት ዘመድ ያለው አንባቢ፣ ጣትን ወጋ አድርጎ በትንሽ ቁራጭ ላይ የሚደረገውን ምርመራ ያውቀዋል፤ የሻንክስ አሳብ ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ያገለገለ ነው። ዩኒሊቨር ከመብቱ 24 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አተረፈ።

ሻንክስ በ2006 ካሣ ጠየቁ። የእንግሊዝ ሕግ ለሠራተኛው ካሣ የሚሰጠው የአሳቡ ጥቅም ለአሠሪው እጅግ የላቀ ሲሆን ነው፤ ታዲያ 24 ሚሊዮን ለዩኒሊቨር ምኑ ነው ተባለና ተረቱ፤ ይግባኝ ብለውም ደጋግመው ተረቱ። በሌላ አነጋገር ለደኻ ኩባንያ የሠራ ይካሣል፣ ለባለጸጋ የሠራ ግን ውለታው ከሀብቱ ብዛት የተነሣ አይታይም ማለት ነው። ይህን ክርክር በክፍል ውስጥ ባነሣሁት ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ ስቆበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2019 የኩባንያው ትልቅነት ብቻውን ምክንያት አይሆንም ብሎ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈረደላቸው። ስሌቱ የተነሣው እዚህም ከ5 ከመቶ ነው፤ በዚያ ላይ ያለፈው ጊዜ ታሰበላቸው። ከሥራው እስከ ፍርዱ 37 ዓመት!

ጃፓን በ2015 ሕጓን አሻሽላ፣ ኩባንያው አስቀድሞ ከደነገገ መብቱ ከመነሻው የእርሱ እንዲሆን፣ ሠራተኛውም ተገቢውን ጥቅም እንዲያገኝ አደረገች። በእኛ አገር በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 በሥራ ውል የተገኘ ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል። ከሥራው ጋራ ግንኙነት የሌለውና ያለ አሠሪው ንብረት የተሠራው የሠራተኛው ነው። ሌላ ስምምነት መጻፍ እንግዲህ ተፈቅዷል። እኔ ያየኋቸው ጥቂት የቅጥር ውሎች ግን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዓመት ፈቃድና ስለ ስንብት በሰፊው ሲናገሩ፣ ስለ አሳብ አንድ መስመር እንኳ የላቸውም።